ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ሺህ ገመድ

በደሉ ይህ ነው። የልጄ ልጅ ኮከብን ያለበት ቦታ ላይ በማስቀመጧ ሥራዋ ተሰረዘ። ኮከብን ከብልጭልጭ ወረቀት ቆርጠው በማርስና በጁፒተር መካከል በክር ያንጠለጠሉት ተማሪዎች ደግሞ አሸናፊ ተባሉ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ ብዬ ነው የምጽፈው። እጄ ቀስ ይላል። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በማታ ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ። ኮከብና ፕላኔት የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ልኬትን ግን ከድሮም አውቃለሁ።

ከወሎ በሠፈራ ወደዚህ ወደ አሶሳ አካባቢ ስመጣ ሙሽራ ነበርኩ። መንደራችን እስከ ዛሬ የምትጠራው በቁጥር ነው፤ ስም የሰጣት የለም። የጓሮ ቦታ ሲታደለን የሚለካው በገመድ ነበር። ገመድ ያዡ ሰውዬ ለወዳጆቹ ሲለካ ገመዱን ይወጥራል፣ ለእኛ ሲለካ ያላላዋል። አንድ ቀን አየሁት፣ ሁለተኛ ቀን አየሁት፣ በሦስተኛው ቀን ገመዱን ከእጁ ቀማሁት። ባለቤቴ አፍሮ ሊሞት ነበር። ቦታው ግን እንደገና ተለካ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎረቤት በድንበር ሲጣላ እኔን ይጠሩኛል።

የልጄ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። እናቷ ግድቡ አካባቢ ለሠራተኞች ምግብ ታበስላለች፤ ልጅቷ ከእኔ ጋር ነው ያደገችው። በሚያዝያ የወረዳው ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዐውደ ርእይ በእኛ ትምህርት ቤት ይደረጋል ተባለ። ከቀረቡት ሥራዎች ሦስቱ ተመርጠው አሶሳ፣ ክልሉ በሚያዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ይቀርባሉ። እሷ ከሦስቱ አንዷ ለመሆን ቆርጣለች። ርዕሷን «የፀሐይ ቤተሰብና ከዋክብት» ብላ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋው ሰነበተች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማ፣ ክብ ፍሬ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

የማንጎ ወቅት ነው፤ ግቢው በማንጎ ተጥለቅልቋል። «ይኸው ስንቱን ልስጥሽ?» አልኳት።

«ማንጎ ጉንጭ አለው። ፀሐይ ጉንጭ የላትም።»

ማንጎውን ሁሉ ረግጣ አልፋ ከጎረቤት አንዲት ሎሚ ለምና መጣች። በማስመሪያ ለካቻት፤ አራት ሴንቲ ሜትር ከስምንት ሚሊ ሜትር። ከዚያ ደብተሯ ላይ ስትደምርና ስታባዛ ቆየች።

«ፀሐይ ይህችን ሎሚ ካከለች፣ ምድር ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች» አለች።

«ከጤፍ?»

«ከጤፍ።»

«እኛስ የት ሆነን ነው?»

«እላይዋ ላይ።»

«አሶሳስ?»

«እማ፣ አታድክሚኝ!»

ከሎሚዋ እስከ ጤፏ ያለው ርቀት ደግሞ አምስት ሜትር ከአሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው አለች። ይኼኔ ነው የእኔ ሥራ የመጣው። ገመድ አወጣሁ፣ ያንን ያህል ለክተን ቆረጥን፣ ጫፍና ጫፉን ቋጠርን። ከፀሐይ እስከ ምድር አንድ ገመድ። ሌላው ሁሉ በዚያ ገመድ ይቆጠራል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደን ሎሚዋን ባንዲራው እንጨት ሥር አስቀመጥን። ጁፒተር አንዲት የማሽላ ፍሬ ሆና አምስት ገመድ ከምናምን ላይ ተተከለች። ሳተርን ትንሽ ቀጠን ያለች ማሽላ፣ ዘጠኝ ገመድ ተኩል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለቱ ሰሊጥ ናቸው። የመጨረሻዋ ሰሊጥ ሠላሳ ገመድ ላይ ስለዋለች የኳስ ሜዳውን አልፈን ሽንት ቤቱ ጀርባ ደረስን። እያንዳንዷን ፍሬ ካርቶን ላይ ለጥፋ፣ ካርቶኑን እንጨት ላይ ቸንክራ አቆመቻት። ገመዱን የወጠርኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ቦታ አላላላሁም።

«ከዋክብቱስ?» አልኳት ስንጨርስ።

ሳቀች። «እነሱ ገና ናቸው።»

ያን ዕለት ከመግሪብ ሰላት በኋላ በራችን ላይ ተቀምጠን አስረዳችኝ። እዚያ ሰማይ ላይ ከማያቸው መካከል ጥቂቶቹ፣ እንደ ማሽላዎቹ ያሉት፣ የእኛው ግቢ ልጆች ናቸው፤ ዕለት ዕለት ትንሽ ትንሽ ቦታ ይለውጣሉ። የቀሩት ሁሉ እንደ እኛዋ ፀሐይ ያሉ ፀሐዮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አገር ያሉ። ጎን ለጎን የተሰደሩ የሚመስሉት ስለራቁን ብቻ ነው። ለፀሐያችን ከሁሉም የሚቀርበው ጎረቤት ኮከብ ደካማ ስለሆነ በዓይን እንኳ አይታይም። የፀሐይ ብርሃን ስምንት ደቂቃ ተጉዞ ይደርሰናል። ከዚያ ኮከብ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን ግን መንገድ የጀመረው እሷ አራተኛ ክፍል ሳለች ነው።

«በእኛ ገመድ ስንት ይሆናል?» አልኳት።

«ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ሺህ።»

«ቁጥር አይታየኝም። አገር ንገሪኝ።»

ስልኩን አውጥታ ካርታ ከፈተች። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባን ሞከርን፤ ቅርብ ሆነች። ካርቱም ግማሽ መንገድ እንኳ አልሞላችም። ጅቡቲም አልደረሰችም። «አቅጣጫው የእኛ ምርጫ ነው፣ ርቀቱ ግን ምርጫ የለውም» እያለች ጣቷን በካርታው ላይ አዞረች። እኔ ነኝ «መካስ?» ያልኩት። በቀን አምስት ጊዜ ፊቴን የማዞርበት አገር ስለሆነ ርቀቱን በልቤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ለካች። እንደገና ለካች።

«እማ! ልክ መካ ላይ ነው!»

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ሎሚዋ መንደራችን ትምህርት ቤት፣ ጎረቤቷ ኮከብ መካ። ያ ኮከብ ትንሽ ስለሆነ በዚህ ልክ ሽምብራ ያክላል። በሎሚዋና በሽምብራዋ መካከል ያለው አገር ሁሉ፣ ከጥቂት ማሽላና ሰሊጥ በቀር፣ ባዶ ነው። ይኼን ስሰማ ራሴን አዞረኝ። እሷ ግን ካርድ ቆርጣ በትልልቁ ጻፈች፦ «ቀጣዩ ኮከብ በዚህ በኩል፣ መካ ላይ ነው»። በዐውደ ርእዩ ጠዋትም ካርዱን ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አቆመችው።

ፈራጆቹ ሦስት ነበሩ። የሚናገረው ግን ሰብሳቢው ብቻ ነበር፤ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ነው። ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ደረሱ። እስኪ እውነቱን ልናገር፣ ሰውየው መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ጤፏን ለማየት መሬት ላይ ተንበረከከ። ማሽላዋ ጋ ሲደርስ፣ «ይህቺን ዶሮ እንዳትበላብሽ!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ሽንት ቤቱ ጀርባ ድረስ አብሮን ሄዶ ሰሊጧን አየ። ከዚያ ወደ በሩ መለስነው። ካርዱን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀጣዩ ኮከብ ነው፣ ቲቸር» አለች።

«መካ?»

«ርቀቱ ነው ቲቸር፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ...»

«ሃይማኖት ትምህርት ቤት ውስጥ አይገባም። መመሪያ አለ።»

አላስቻለኝም። «መምህር፣ ሃይማኖቱ የታለ? ይሄ ርቀት ነው» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ተወዳዳሪ ነዎት?»

«ገመድ ያዥ ነኝ።»

የተሰበሰበው ሕዝብ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ወረቀቱን ገልጦ፣ «ርዕሱ ከዋክብት ይላል። እስካሁን አንድ ኮከብ አላሳያችሁኝም። ሌሎቹ እኮ ኮከብ አላቸው» አለ። በአገጩ ወደ ዛፉ ጥላ ጠቆመ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ኳስ የሚያካክሉ ፕላኔቶች ሠርተው፣ በመካከላቸው የወርቅ ቀለም ያላቸው ባለ አምስት ጫፍ ከዋክብት አንጠልጥለዋል። ንፋስ ሲመጣ ያብረቀርቃሉ። ቆንጆ ነበሩ፤ አልክድም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ግን ሌሊት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለልጅቷ ነገራት። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አልነበረም። «የኔ ልጅ፣ ጅዳ ብለሽ ጻፊው። ያው ከተማ ነው። ይለፍልሽ።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይሆንም ማለቴ ነው።

እስክሪብቶዋን ከደነችው። ሰውየው ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረና ወደሚቀጥለው ሄደ።

ማታ ላይ ውጤቱ ተነገረ። ወርቃማዎቹ ከዋክብት አንደኛ ወጡ። የእኛ ስም ከመጨረሻው ተራ እንኳ አልተጠራም። ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ሎሚዋን ኪሷ ውስጥ ከታዋለች። ግማሽ መንገድ ላይ ሳትዞር ተናገረች።

«ጅዳ ቢሆን ምን ነበረበት? ልዩነቱ እኮ አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው።»

«አንቺ ራስሽ ለክተሽ መካ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ። የለካሁት እኔ ነኝ፤ የተከራከርሽው ግን አንቺ ነሽ።»

እውነት ነው። ያንን ካርድ እሷ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ትለውጠው ነበር፤ አሁን አሶሳ ለመሄድ ልብሷን ታጥብ ነበር። እኔ ግን ገመዱን ከዚያ ሰውዬ የቀማሁ ጊዜ የመጣብኝ ነገር ነው የመጣብኝ። መካ ብሎ መጻፍ ጥፋት ካልሆነ ለምን ይሰረዛል? አንዴ ከሰረዝነው፣ ጥፋት ነበር ብለን ፈርመናል ማለት ነው። እስከ ዛሬም የማስበው እንደዚህ ነው። እስከ ዛሬም ግን እስክሪብቶዋን ይዛ ያየችኝ አስተያየት አይለቀኝም።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሐጂ መጡ። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው። መካ ሄደው የመጡ በሰፈራችን እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ ባዕድ ሆነን ስንመጣ ማሽላ እንዴት እንደሚዘራ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ ሊያፌዙብኝ መብት አላቸው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኔ ሰማ። አንቺ መካ ላይ ሽምብራ አስቀመጠ ይላሉ።»

«ነውር ነው ወይ ሐጂ?»

«ምን ነውር? ሽምብራ ሐላል ነው።» ተቀመጡ። «እኔ እዚያ ሄደ። ሰው በሰው ላይ ነው። ሽምብራ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ አላየሁም።»

ነገሩን ከሥር ጀምሬ ነገርኳቸው። ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ሎሚ መቼ ለካችሁ?»

«ለውድድሩ ቀን ሎሚዋን እንደገና የለካናት ጠዋት ነው። ያው አራት ከስምንት ናት።»

«ፈራጅ መቼ መጣ?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«ሎሚ እስከዚያ የት ነበረ?»

«ባንዲራው ሥር። ፀሐይ ላይ።»

እጃቸውን አጨበጨቡ። «ወላሂ! እንግዲያ ሎሚ ደረቀ፣ ትንሽ ሆነ። ሎሚ ትንሽ ሲሆን ገመድ ያጥራል። ገመድ ሲያጥር ኮከብ ወደ ጅዳ ይመጣል። ፈራጅ ትክክል ነው!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም። ይባስ ብሎ ልጅቷ ደብተሯ ላይ አስልታ፣ «ትክክል ናቸው እማ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብትደርቅ ይበቃል» አለችኝ። ከውድድሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ስለዚህ ሐጂን ይቅር አልኳቸው።

ከዚያ የቢሮ ምልልሱ ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ፣ «ውጤቱ የኮሚቴው ነው፣ እኔ አያገባኝም» አለ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሌላ ቀን ስሄድ ቅሬታ በጽሑፍ ነው አሉኝ። ሌላ ሰው ይጻፍልሽ ሲሉኝ እንቢ ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ ልጅቷ አሶሳ ትሂድ፤ ይህ ባይሆን እንኳ ኮከቡ በቦታው እንደነበር ይጻፍላት። ከሳምንት በኋላ የተሰጠኝ ወረቀት «ሥራው ሃይማኖታዊ ይዘት ስላለው» የሚል ነበር። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ወረቀቱን መልሼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። የክልሉ ዐውደ ርእይ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል።

በሚቀጥለው ሰኞ ሐጂን ይዤ ሄድኩ። ሎሚም ይዣለሁ፤ አዲስ፣ እርጥብ። ገመዱንም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት። ልትመልሰኝ ብትፈልግም ሐጂን ስታይ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። እሳቸው ሲቀመጡ እኔ ሎሚዋን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ።

«ይህቺ ፀሐይ ናት» አልኳት። «ይህን ጫፍ ያዢልኝ ልጄ።»

ግራ ገብቷት ያዘችው። ገመዱን እየዘረጋሁ ከክፍሉ ወጣሁ። ኮሪደሩን አልፌ መዝገብ ቤቱ ጋ ስደርስ ተወጠረ። መዝገብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ጤፍ አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምድር ናት። እንዳታስነጥስ።»

ስመለስ ኃላፊዋ ገመዱን እንደያዘች ናት። «ከዋክብት ግን በፕላኔቶች መካከል አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ንጹሕ ጥያቄ ነበር። እንዳላሳፍራት ተጠንቅቄ ነገርኳት፤ ሠላሳ ገመድ ድረስ የእኛው ግቢ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ፣ ባዶ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ሺህ ድረስ ባዶ። ወደ ሐጂ ዞረች። «መካ በጣም ሩቅ ናት ሐጂ?»

«አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ሄደ፣ ጅዳ ደረሰ» አሉ ሐጂ። «በዚያ መንገድ ሁሉ ኮከብ አንድ አላየሁም። ይቺ ሴት ውሸት አይናገርም። ክፉ ናት፣ ውሸት ግን አይናገርም።»

ኃላፊዋ ገመዱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «የሒሳብ ባለሙያ እንዲያየው አደርጋለሁ» አለች። «ዐውደ ርእዩ ሳይደርስ ደብዳቤ ይደርስዎታል።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለልጅቷ ስነግራት «እሺ» ብቻ አለች። ያን ዕለት ግን ካርዷን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። ከዚያም ነጩን ሸሚዟን አጠበች።

ደብዳቤው ሐሙስ መጣ፤ ማኅተም አለበት። እኔ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ መልሱን መጀመሪያ ማየት ያለባት እሷ ናት ብዬ ሳልከፍት ሰጠኋት። ቆማ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦

«ያቀረቡት ቅሬታ ተመርምሯል። አንደኛ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም ርቀትን ለማመልከት እንጂ ሃይማኖትን ለማስተማር ያልሆነ መሆኑ ታምኖበታል። ሁለተኛ፣ የተማሪዋ ስሌት በባለሙያ ታይቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ሦስተኛ፣ ይሁን እንጂ በውድድሩ ደንብ መሠረት ማንኛውም ለዕይታ የሚቀርብ ሥራ ከነሙሉ ክፍሎቹ በትምህርት ቤቱ አጥር ግቢ ውስጥ መገኘት የሚገባው ሲሆን፣ ኮከቡ ከግቢው ውጭ ሆኖ በመገኘቱ ሥራው እንዳልተሟላ ተቆጥሮ ቀደም ሲል የተሰጠው ውጤት የጸና መሆኑን እንገልጻለን።»